የመከተ ኮርቻ

ቬሊንግቢ፣ ስቶክሆልም
ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ባዩ፣ እንጅባራ

ሰላምታዬን ከነሐፍረቱ ይቀበሉኝ። ከሰኔ ወዲህ አንዲት መስመር ሳልጽፍልዎ ከረምኩ። ካሜራ ማናችን ብሩህ ከአዲስ አበባ «ጋሽ ባዩ ‹ልጅቷ ሞተች ወይስ ሀብታም ሆነች?› ብለዋል» ብሎ ጻፈልኝ። ሁለቱም አልሆነልኝም። በሳምንት አምስት ቀን በፔንደል ባቡር ዮርድብሩ ድረስ እየሄድኩ፣ ላገር በሚሉት ትልቅ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ እነዳለሁ። ቤት ስገባ ደግሞ ፊልሙን እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ። የእናንተ አካባቢ ስልክ ከጠፋ ወዲህ ወሬዎን የምሰማው በመንገደኛ እጅ ሆኗል። ባለቤትዎን እትዬ ሮማነወርቅን ጉልበታቸውን ስማለች ይበሉልኝ።

«ፊልሙ ከምን ደረሰ?» ላሉት፣ ከመጨረሻው በቀር አልቋል። አንድ ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ደቂቃ ድረስ እርስዎም አሉ፣ ፈረሱም አለ፣ አቧራውም አለ። ከዚያ ወዲያ ጨለማ ነው።

ያቺን የመጨረሻ ቀን አልረሳኋትም። የእርስዎ ፈረስ መከተ ተጭኖ፣ ኮርቻው ባዶ ሆኖ፣ ብቻውን መንደር ይግባ ስል አሥራ አንዱም ፈረሰኞች ወርደው ልጓማቸውን ይዘው ሄዱ። እርስዎም ባርኔጣዎን አነሡና ተከተሏቸው። ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። እኔም ኩራት ይዞኝ አልጠየቅኩም፤ በማግሥቱ ተሳፈርኩ። እነሆ ዛሬ እጠይቃለሁ፦ ምን አጠፋሁ?

«ለምን ያለዚያ መጨረሻ አይሆንም አለች?» ማለትዎን ሰምቻለሁ። ጋሽ ባዩ፣ ልጅ ሆኜ ኮልፌ ውስጥ ቪዲዮ ቤት ተደብቄ የካውቦይ ፊልም አይ ነበር። አባቴ ከሥራ የሚገባው አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ ፊልሙ የሚያልቀው አሥራ ሁለት ተኩል። የአንዱንም ፊልም መጨረሻ አይቼ አላውቅም። እየሮጥኩ ቤት እገባና ተኝቼ መጨረሻውን እኔው እፈጥርለት ነበር። ሁልጊዜም ፈረሱ ብቻውን ይመጣል፤ ሰው ሁሉ ከቤቱ ይወጣል፤ ማንም አይናገርም።

ይህን ይዤ ነው ሃያ ዓመት የለፋሁት። የመጀመሪያውን ፊልም እዚሁ ስቶክሆልም አጠገብ፣ ጠጠር በሚወጣበት ጉድጓድ ውስጥ፣ በሁለት ታክሲ ነጂዎችና በአንዲት ነርስ ሠራሁት፤ ሰው ሳቀብኝ። በሁለተኛውም ሳቀ፣ ግን ቲኬት ገዝቶ ነው። በሦስተኛው እርስዎንና ፈረሰኞችዎን አገኘሁ፤ ከዚያ ወዲህ የሳቀ የለም። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እስከ ዛሬ «አክበረት ካውቦይ መጣች» ይሉኛል፣ እሱን ለምጄዋለሁ።

ይህ አራተኛው ነው። በገንዘብ የረዳን የፊልም ኮሚቴ የሰጠኝ ጊዜ እስከ ሰኔ መጨረሻ ነው። እስከዚያ ካላስረከብኩ ፊልሙ ይዘጋል፤ እዚህ አገር ለእኔ የካውቦይ ፊልም ሁለተኛ በር የሚከፍት አይኖርም። ይህን ለማስፈራራት አልጻፍኩትም፤ ያለሁበትን እንዲያውቁ ነው።

ፈረሰኞቹን ያግባቡልኝ። ብሩህ ካሜራውን ይዞ ይመጣል። የአንድ ቀን ሥራ ናት።

አክባሪ ልጅዎ፣ አክበረት


እንጅባራ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአክበረት

እኛ ደኅና ነን። ገብሱ ታጭዷል፣ ብርዱ ገብቷል። መከተ ወፍሯል፤ ሥራ ፈት ፈረስ እንደ ሥራ ፈት ሹም ነው። ስለ ወገቤ ብትጠይቂኝ፣ ወገብ ነውና ይታመማል። ሮማነወርቅ «ምነው በልጅነቷ እንዲህ ያለ ሥራ ያዘች?» እያለች ስለ መጋዘኑ ታዝንልሻለች። አርባ ዓመት እንዳለፈሽ ብነግራትም አልሰማችኝም።

ያን ዕለት ሳንነግርሽ መሄዳችን ነውር ነበር፤ ይቅርታሽን እለምናለሁ። የሚያውቅ ሰው ሲያጠፋ ይቆጡታል፤ የማያውቀውን ግን ማስተማር ነበረብን። ሠላሳ ዓመት የፈረሰኛ ፖሊስ ፈረስ አሠልጥኛለሁ፣ የማያውቅ ሰው እንዴት እንደሚያዝ አላጣሁትም። የዚያን ዕለት ግን ደነገጥኩ።

እንግዲህ ስሚ። በእኛ አገር ፈረስ ተጭኖ፣ የክብር ልብሱን ግላሱን ለብሶ፣ ሰው ሳይቀመጥበት በመንደር መካከል የሚሳበው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ጌታው የሞተ ዕለት። ከፊት አልቃሽ፣ ከኋላ ፈረሰኛ፣ መካከል ላይ ፈረሱ። ያን ያየች ሴት «የማን ነው?» ብላ አትጠይቅም፤ በፈረሱ ታውቀዋለች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትወጣለች። እኔን ፈረሰኞቹ አባ መከተ ብለው ነው የሚጠሩኝ። አንቺ መከተን ጭነሽ ባዶውን መንደር ይግባ ስትዪ እኔን ገንዛችሁ አውጡት ማለትሽ ነው። ካንቺ የተጣሉ መስሎሻል። ከእኔ ሞት ነው የሸሹት።

«ለካሜራ ነው» ትዪኝ ይሆናል። በሁለት ፊልምሽ ሦስት ጊዜ ተተኩሶብኛል፣ አንድ ጊዜ ተሰቅያለሁ። ሮማነወርቅ ስትስቅ ነው ያየችው። ያ ጨዋታ ነው፤ ይኼኛው ሥርዓት ነው። ሟርት ለካሜራ ነው፣ የእውነት ነው ብሎ አይለይም።

ስለዚህ እምቢ ብያለሁ። ፈረሰኞቹንም አላግባባም። ሌላ መጨረሻ ፈልጊለት፤ ሃያ ዓመት የፈለግሽ ልጅ ሰባት ወር አያቅትሽም።

ያን የሰጠሁሽን ግላስ ብል እንዳይበላብሽ። የት አስቀመጥሽው?

ባዩ


ቬሊንግቢ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ባዩ

እንኳን ለልደቱ በሰላም አደረስዎ፣ ደብዳቤው ከበዓሉ በኋላ ቢደርስም። ደብዳቤዎን ቱነልባና በሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር ቆሜ አነበብኩትና መውረጃዬን አለፍኩ። አላወቅኩም ጋሽ ባዩ። ባላወቅሁት ባፍርም እወቂው ብለው ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። የመከተን ኮርቻ ከእንግዲህ በአፌ አላነሣም። እርስዎ እምቢ ካሉ አለቀ።

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?» ለሚሉት መላ አላጣም። ጨለማው እስኪገፈፍ ድረስ ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ። እዚህ አሁን ፀሐይ ወጣች ሲሉዎ ገብታለች። ወደ ሥራ ስሄድ ጨለማ፣ ስመለስ ጨለማ ነው፤ ሰው ግን ሻማውን መስኮት ላይ ደርድሮ ደስ ብሎት ይኖራል።

ግላሱን ብል አልበላውም። ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው የኖረው። ሰሞኑን ግን አቧራውን ላራግፍለት አውርጄዋለሁ።

የጥር ሃያ ሦስቱን የፈረሰኞች በዓል እንዴት እንደዋላችሁ ይጻፉልኝ። ማን ቀደመ? ማን ወደቀ? እርስዎስ ይጋልባሉ ወይስ ወገብዎ ይከለክልዎታል? ለዚህ አንድ ጥያቄ እንኳ ቀጥ ያለ መልስ ይስጡኝ እንጂ።

ሌላ የምጽፈው ብዙ ነበር፤ መንገደኛው ነገ ይበራልና በዚህ ላብቃ።

አክበረት


እንጅባራ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

አክበረት

ስለ በዓሉ ጠይቀሽኛል። በዓሉ ጥሩ ነበር።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። የካቲት አራት ቀን ጠዋት በረንዳ ላይ ተቀምጬ እግሬን ስታጠብ አሥራ አንድ ፈረሰኞች እየጮኹ ግቢዬ ገቡ። ቀዳሚው ሲያየኝ ልጓሙን ስቦ ፈረሱን ሊጥለው ነበር። «አባ መከተ!» አለና አፉን ያዘ። ምንድነው አልኳቸው። አብሯቸው ያለ ከባሕር ዳር የመጣ ሰው ስልኩን አወጣ። ፎቶ ነው። አንድ ጠጉራም አጭር ፈረስ ተጭኖ ቆሟል፤ ኮርቻው ባዶ ነው። ዙሪያውን ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች ያለቅሳሉ። ፈረሱ ላይ ያለው ግላስ የእኔ ነው። ቀይ ግምጃ፣ በጠርዙ የእናቴ ጥልፍ ያለበት። በእንጅባራ የማያውቀው ፈረሰኛ የለም። «ባዩ ስዊድን አገር ለሕክምና ሄዶ ሞተ፣ እዚያው ተለቀሰለት» ተብሎ ወሬው ከዳንግላ እስከዚህ ደርሷል፤ ፈረሰኞቹም ከበዓሉ ወዲህ አላዩኝምና አመኑት።

እኔስ ሳቅኩ። ወንድ ልጅ በሕይወቱ ለቅሶውን ማየት ቢያጋጥመው መሳቅ አለበት። ሮማነወርቅ ግን ገበያ ነበረች። ጠዋት ደኅና ትታኝ ወጥታ፣ «ባዩ ሞተ» የሚል መርዶ የሰማችው ሽንኩርት ስትመርጥ ነው። ወድቃ ሰው ደግፎ አመጣት፤ በሩ ላይ ቆሜ ስታየኝ ሁለተኛ ወደቀች። ሦስት ቀን አላናገረችኝም፤ የሞትኩት እኔ ያጠፋሁ ይመስል።

«የመከተን ኮርቻ ከእንግዲህ አላነሣም» ብለሽ ጽፈሻል፤ ወረቀቱ እጄ ላይ ነው። ለፈረሴ ያልሰጠሽውን ክብር ለቃልሽ እንኳ መስጠት አቃተሽ?

ሌላ የምለው የለኝም።

ባዩ


ቬሊንግቢ፣ መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ባዩ፣ ይድረስ ለእትዬ ሮማነወርቅ

እግራችሁ ላይ ወድቄያለሁ። ይቅር በሉኝ ከማለቴ በፊት ያደረግኩትን ሁሉ ልናገር፤ ሳልናገር ይቅርታ ብለምን ሁለተኛ ማታለል ይሆንብኛል።

ያን «አቧራ ላራግፍለት» ያልኩትን ስጽፍ ፈረሱን ተከራይቼ ነበር። እዚህ ከከተማ ወጣ ብሎ የግልቢያ ትምህርት ቤት አለ፤ የአይስላንድ ፈረስ አከራዩኝ። «የእርስዎ ፈረስ አይደለም፣ የእርስዎ መንደር አይደለም፣ ስለዚህ የተባልኩትን አልጣስኩም» ብዬ ራሴን አሳመንኩት። ግላሱን ለምን ጨመርሽ ቢሉኝ፣ ያለ እሱ ፈረሱ አህያ ስለመሰለብኝ ነው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም።

ጥር 24፣ ቅዳሜ፣ የመጀመሪያውን ፊልም በሠራሁበት በዚያው ጉድጓድ በረዶው ቀልጦ ጠጠሩ የታየበት ቀን ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ሠላሳ ሰው ነጠላውን ለብሶ መጣልኝ። ከነሱ መካከል ፕሮፌሰር ወልደ አማኑኤል የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከወጣትነታቸው ጀምሮ እዚህ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ የዳንግላ ሰው ናቸው። ለምን እንደምንሰበሰብ አልነገርኳቸውም፤ «ፊልም ነው» ብቻ ብያለሁ። ፈረሱን ከኮረብታው ጀርባ ለቀቅነው። ፕሮፌሰሩ አዩትና ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ማን ነው የሞተው?» አሉኝ።

ማንም አልሞተም አልኳቸው። «ግላሱ የማን ነው?» የጋሽ ባዩ አልኩ። «ሞተ?» ደኅና ናቸው አልኩ። በሰማንያ ዓመታቸው ጠጠሩን አቋርጠው እያለቀሱ ሄዱና ፈረሱን ያዙት፤ ሴቶቹም ከበቡት። ከዚያ ኮርቻውን ፈቱ፣ ግላሱን አጥፈው ብብታቸው ውስጥ ከተቱት። ሴቶቹ እሳቸው ሲያለቅሱ አይተው ነው ያለቀሱት እንጂ እኔ አልቅሱ የምላቸው ገና አልደረሰም ነበር። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ያን ዕለት አየሁት። ፎቶውን ከኮርቻው መፈታት በፊት አንሥታ ለሰው የላከችው ዝማሬ የምትባል ልጅ ናት፤ ክፋት የላትም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።

የቀረጽኩትን አጥፍቼዋለሁ። አንድም ምስል አላስቀረሁም። ይህን ስል እንዲያደንቁኝ አይደለም፤ ሳየው አስጠላኝ። ፈረሱ ፈረስ አይመስልም፣ ለቅሶውም ስርቆት ይመስላል።

ስለ ፊልሙ አይጠይቁኝ፤ ይድረስ አይድረስ ለእኔ ይተዉት። የካውቦይ ፊልም መሥራቴን ግን አልተውም፤ ይህንም ደብቄ አላታልልዎ። የተውኩት ያን መጨረሻ ነው። እትዬ ሮማነወርቅ የጣሉትን ሽንኩርት እያሰብኩ ሽንኩርት መግዛት ትቻለሁ።

ግላሱን ከፕሮፌሰሩ ተቀብዬ በዘመዳቸው እጅ ልኬዋለሁ። ታጥቧል።

አክበረት


እንጅባራ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአክበረት

ግላሱ ደርሷል። ከነጥልፉ ነው፤ ማጠብሽ ግን አያስፈልግም ነበር፣ የፈረስ ሽታው ጠፋ።

ደብዳቤሽን ሮማነወርቅ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ሽንኩርቱ ላይ ስትደርስ ቆመች። «ይህች ልጅ ግትር ናት፣ ግን ውሸቷን ጨርሳ የምትናገር ግትር ናት» አለች። ይቅር ብላሻለች። እኔም ከእሷ በፊት ይቅር ብዬሽ ነበር፤ ቀድሜ ብጽፍ ግን ትቆጣኝ ነበር።

ወገቤን ያየው የባሕር ዳር ሐኪም ያለኝን ብሩህን ጠይቀሻል አሉ። ሐኪም ብዙ ይላል። የብሩህም አፍ ሰፊ ነው።

አሁን የምነግርሽን በጥሞና ስሚ። ያ ለቅሶ ግቢዬ ከገባ ወዲህ ሰው ሲያየኝ ይደነግጣል። ፈረሰኞቹ እንደ ቀድሞው አይቀልዱብኝም። የንስሐ አባቴን መምሬ ፍቅረ ሥላሴን አማከርኳቸው። «ለቅሶህ ከመጣ ለምን ተዝካርህን አታስከትለውም?» አሉኝ። የቁም ተዝካር ማለታቸው ነው። እንደምታውቂው ልጅ የለንም። እኔ ብሞት ሮማነወርቅ ብቻዋን ድንኳን ስትተክል፣ ብቻዋን ጠላ ስትጠምቅ ታየኝ። በቁሜ ከደገስኩ ግን እኔም አግዛታለሁ። ስነግራት መጀመሪያ «አፍህን በዳቦ!» አለች። ሁለት ቀን አሰበችና «እንጨቱን ፍለጥ» አለችኝ።

ቀኑ ሚያዝያ 23 ነው፣ ጊዮርጊስ። ደብዳቤው ሳይደርስሽ ያልፋል፤ እንዳትመጪ ብዬ አዘግይቼ እየላክሁ ነው። መንገዱም አያስተማምንም፣ አንቺም ብትኖሪ «ቁሙ፣ ይመለሱ፣ እንደገና» ትዪኛለሽ። ተዝካር እንደገና የለውም።

መከተ ተጭኖ፣ ግላሱን ለብሶ፣ ባዶውን በመንደር ያልፋል። የሚስበው ግን ሌላ ሰው አይደለም። እኔ ነኝ። የራሴን ፈረስ ራሴ ልሸኝ። ፈረሰኞቹን ጠየቅኳቸው፤ «አንተ ከያዝከው ከኋላህ እንሆናለን» አሉኝ።

ለፊልምሽ ብዬ እንዳይመስልሽ። ለሮማነወርቅ ነው። ግን ብሩህ ካሜራውን ይዞ ቢቆም መከተ አይደነግጥም፤ ለምዷል። መልእክት ልኬለታለሁ። የምለብሰው ያንኑ የፊልሙን ካባ ነው፤ ሌላ ጥሩ ካባ የለኝም።

መልካም ፋሲካ ያድርግልሽ።

ባዩ


ቬሊንግቢ፣ ግንቦት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ባዩ

«ምን ይመስላል?» ብለው በብሩህ በኩል ከጠየቁኝ ሦስት ሳምንት ሆነ። መልስ ያዘገየሁት ደጋግሜ ስላየሁት ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ከፕሮፌሰር ወልደ አማኑኤል ጋር ነው። እሳቸው ካላዩት አላይም ብዬ ቤታቸው ይዤላቸው ሄድኩ። እንዳለቀ «ደግመሽ አሳዪኝ» አሉ። ሁለተኛውን ቆመው ነው ያዩት።

ምን እንዳየሁ ልንገርዎ፣ እርስዎ ከፊት ስለነበሩ አላዩትም። ጭጋጉ ገና አልተነሣም። እርስዎ ይመጣሉ፤ ልጓሙ በቀኝ እጅዎ ነው፤ ከኋላ ፈረሰኞቹ ወርደው በእግራቸው ናቸው። ሴቶቹ ከየደጃፉ ወጥተው ያለቅሱ ወይስ እልል ይበሉ ግራ ይገባቸዋል። አንዷ ለቅሶ ትጀምራለች። እርስዎ ዞር ብለው «ቆይ እንጂ፣ ገና እየሄድኩ ነው» ይሏታል። ሰው ሁሉ ይስቃል፤ ሳቁ መካከል ላይ ይሰበርና እንባ ይሆናል። እትዬ ሮማነወርቅ አያለቅሱም። ድንኳኑ በር ላይ ማማሰያቸውን እንደያዙ ቆመው ያይዎታል። እንደዚያ ያየ ፊት በሃያ ዓመት ሥራዬ ቀርጬ አላውቅም፤ ማንንም እንደዚያ እይ ብዬ ላዝዘው አልችልም።

እንደሚያነክሱም አየሁ። ስለ ወገብዎ አቅልለው ሲነግሩኝ ኖረዋል።

ከዚያ ቀጥታ ወደ ካሜራው ይመጣሉ። ብሩህ ሊያፈገፍግ ሲል በእጅዎ ያስቆሙታል። የመከተ ደረት የካሜራውን ዓይን ሙሉ ይሸፍነዋል፤ ምስሉ ይጨልማል። በጨለማው ውስጥ ድምፅዎ «አክበረት፣ በቃሽ?» ይላል።

ኮሚቴው ፊልሙን አየው። ሰብሳቢዋ «እጅግ ያምራል፣ ግን የመጨረሻዋን ንግግር ቁረጫት። በፊልሙ ውስጥ በዚህ ስም የምትጠራ ሰው የለችም፤ ተመልካቹ ማን ናት ይላል» አለችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። «ታዲያ እንዴት ይሆናል?» አለች። ፈረሱን ጭናችሁ ባዶውን መንደር ይግባልኝ ያልኩት እኔ ነኝ፤ የጠየቀ ሰው ስሙ መጠራት አለበት አልኳት። አልተስማማንም። ትናንት አንዲት ቃል ሳልነካ አስረከብኩት። ቢቀበሉትም ባይቀበሉትም መጨረሻው ያ ነው። ለማንም አልለውጠውም።

የቀረው ለእርስዎ መልስ መስጠት ነው።

አልበቃኝም ጋሽ ባዩ። ከመጋዘኑ የዓመት ዕረፍቴን ለምኜ መስከረምን ሙሉ ወስጃለሁ። መንገዱ ባያስተማምንም እመጣለሁ። ወደዚያ ሐኪምም አብረን ሄደን የሚለውን እኔው እሰማዋለሁ። አምስተኛውን ፊልም መጻፍ ጀምሬያለሁ፤ ካውቦዩ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፣ ያነክሳል፣ ሚስቱ ትቆጣዋለች፣ መጨረሻው ላይ አይሞትም።

ይጠብቁኝ።

አክበረት